በሰፊው ድስት

ለካ እርግቦቹ ዝም ብለው አይደለም የወፈሩት። እኛ ቤት በኋላ መስኮት በኩል የሚያርፉት እርግቦች ሰሞኑን ደልበው ደልበው፣ ከመስኮቱ ደፍ ተነስተው ጣሪያው ላይ ለመድረስ ቁና ቁና የሚተነፍሱ ሆነዋል፤ የሰፈሩ ድመት ራሷ ቀና ብላ ታያቸውና «ይሄን ማን ይሸከማል» ያለች ይመስል መንገዷን ትቀጥላለች። እኔ የአየሩ ጸባይ ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን እማዬ ለሥራ ልትወጣ ስትል፣ የረሳችውን ሻርፕ ልታነሳ አያቴ ክፍል ዘው ብላ ብትገባ፣ አባባ በፒጃማቸው መስኮቱ ጋ ቆመው የቁርስ ዳቧቸውን እየቆራረሱ ያድላሉ። ዝም ብለው ደግሞ አይደለም የሚያድሉት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶብስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ «አንተ ቅድም ተሳፍረሃል፣ ውረድ፤ አንቺ ከኋላ ያለሽው፣ ጠጋ በይ» እያሉ በተራ ነው።

እማዬ በር ላይ ደርቃ ቀረች። ስንቴ ነው ባዶውን ሳህን እያየች «ተመስገን፣ ዛሬም ጠርገው በሉ» ብላ ለሥራ ባልደረቦቿ ያወራችው። አባባ ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ ጨው የለ፣ ስብ የለ፣ ጥርሳቸውም ተነቃቅሎ አልቆ፣ የሚቀርብላቸው ሁሉ ነጭና ለስላሳ ነገር ነው፤ እኔ ራሴ ቀምሼው አውቃለሁ፣ ትራስ እንደ መብላት ነው። ሐኪሙ ደግሞ ባለፈው ኪሏቸው መውረዱን አይቶ፣ ነገ ሚዛን ላይ ወጥተው አሁንም ቀንሰው ከተገኙ ተመልሰው አልጋ ይይዛሉ ብሏል። አባባ የዚያ አልጋ ነገር ሲነሳ ፊታቸው እንደተነፈሰ ጎማ ነው የሚሆነው።

«ነገ ሚዛኑ ላይ እርግቦቹን ነው የምናወጣው?» አለች እማዬ።

«እነሱማ ያልፋሉ» አሉ አባባ ወደ መስኮቱ እያዩ። «ጨው የሌለው ምግብ ነዳጅ የሌለው አውቶብስ ነው ልጄ። ቆሞ ያምራል እንጂ አይሄድም።»

«ታዲያ ምን ልስጥዎት? ይንገሩኝ እስቲ።»

«ድፍኑን ብትሠሩልኝ እበላ ነበር።»

ድፍኑ የሚባለው ነገር ከኛ ቤት ውጪ የትም የለም። ሴት አያቴ፣ እማማ፣ በሕይወት እያሉ የሚሠሩት ወፍራም ሾርባ ነው። ስንዴው ሳይፈጭ፣ ባቄላው ሳይከካ፣ ምስሩ ሳይገፈፍ፣ ሁሉም እንደተፈጠረ ድፍኑን ድስት ይገባና ቀኑን ሙሉ ሲንተከተክ ይውላል፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። እማማ የሚሠሩበት ድስት ደግሞ አንድ ነበር፣ እሱም አሁን እኛ ጋ የለም። እማማ ሲያርፉ አጎቴ ሳይጠይቅ ወሰደው። እማዬ ሳትጠይቅ ተቀየመች። ሁለቱም ሳይጠያየቁ ይኸው እስከ ዛሬ። ሩቅ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ አጎቴ ያለው እኛው ሕንፃ ሥር፣ መንገድ ዳር ባለችው የልብስ ስፌት ሱቁ ውስጥ ነው። አባቱን ለማየት በየቀኑ ደረጃውን ይወጣል፣ ግን እማዬ ሥራ ላይ ስትሆን ብቻ፤ በቀጥታ አባባ ክፍል፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ታች። እሷ ስትገባ እሱ ወጥቷል፣ እንደ ዘበኛ ይቀያየራሉ። ወንድሜ የሚለውን ቃልም እማዬ ትታዋለች። ሰፊው ነው የምትለው። «ሰፊው የደረጃውን መብራት አላጠፋም»፣ «ሰፊው በር ላይ ብጣሽ ጨርቅ ወድቋል፣ አንሺው»፣ እንደማታውቀው ሰው።

ስለዚህ ለአባባ መልስ አልሰጠችም። ሻርፗን አነሳች፣ ሳህኑን ከእጃቸው ተቀበለች፣ መስኮቱን ዘጋች፣ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ እርምጃዋ ምድር ቤት ጋ ሲደርስ ፈጠን እንደሚል አውቃለሁ፤ በሱቁ በኩል ስታልፍ ሁሌ ቦርሳዋ ውስጥ የሆነ ነገር የጠፋባት ሰው ትመስላለች።

እማዬ የምትሠራው ውሃ ክፍል፣ የቅሬታ ስልክ መቀበያው ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሁሉ «ውሃ ጠፋ» እያለ ይጮህባታል፣ እሷም «ይቅርታ እንጠይቃለን» ትላለች፤ ለዚህ ይመስለኛል ቤት ስትደርስ ይቅርታ የሚባለው ነገር አልቆባት የምትገባው። የራሷን ስልክ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያስቆልፏት። ሻይ ሰዓት ላይ ብቻ አውጥታ አንድ መልእክት ትጽፍልኛለች፣ ብደውል አታነሳም። የዛሬው ሲመጣ እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ነበር። ትምህርት ጨርሼ ውጤት እየጠበቅኩ ስለሆነ በእማዬ አቆጣጠር ሥራ ፈት ነኝ፤ በእኔ አቆጣጠር ተጠባባቂ። ሒሳቡ ያስፈራኛል፣ አልዋሽም፤ የቋንቋ ፈተናው ላይ ግን ማንም አይደርስብኝም። ይቺን ያዙልኝ። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «ድፍኑን ሥሪላቸው። እህሉ ላይኛው ቁም ሳጥን አለ። እጠቢና በሰፊው ድስት ቀቅይው። ጨው እንዳታስገቢ። እንዳያርርብሽ።»

ተነስቼ ቁጭ አልኩ። ደግሜ አነበብኩት። በሰፊው ድስት። እማዬ፣ ያቺ ቂሟን እንደ ብርድ ልብስ አጣጥፋ ከፍ አድርጋ የምታስቀምጥ እናቴ፣ ለአባቷ ስትል ዋጥ አድርጋ፣ ሂጂና የሰፊውን ድስት አምጪ ማለቷ ነው። አጠገቤ ብትሆን አቅፌ እስማት ነበር፤ ደግነቱ አልነበረችም፣ ሲያቅፏት «ምን ፈልገሽ ነው?» ነው የምትለው።

አጎቴ ሱቅ በር ላይ «ልብስ ሰፊ» የሚል ጽሑፍ አለ። የሰፈሩ ልጆች ግን ገልብጠው «ሰፊ ልብስ» ነው የሚሉት፤ እሱ ለማንም ቢሆን ሰፋ አድርጎ ነዋ የሚሰፋው። «ታድጊበታለሽ» ይላል። የእኔን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሰፋልኝ ከእማዬ ጋር ሳይኳረፉ በፊት ነበር፤ ይኸው ትምህርቴን ጨረስኩ፣ ዩኒፎርሙ ላይ ግን ገና እያደግኩ ነው። ራሱም ቢሆን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ ሰው አይደለም። እሱና የስፌት መኪናው ቦታ ቦታቸውን ከያዙ ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ነው የሚለካው። ሱቁ ውስጥ የካውያ ሽታ አለ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት አለ፣ ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ሱሪዎች ግድግዳው ላይ ተሰልፈው ተሰቅለዋል። የሸሚዙ ቁልፍ፣ ሆዱ ጋ ያለው፣ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል። የሰው ቁልፍ ሲተክል የሚውል ሰው የራሱን መቼ አይቶ። ስገባ ሜትሩ አንገቱ ላይ፣ መርፌው ከንፈሩ ላይ ነበር።

«ሬዲዮ» አለኝ። ቤት ውስጥ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉኝ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። «ምን ዜና አመጣሽ ደግሞ?»

«ጋሼ፣ ድስቱን ፈልጌ ነበር። የእማማን። ለአባባ ድፍኑን ልሠራ ነው፣ እማዬ ናት ያለችው።»

የስፌት መኪናው ቆመ። መርፌውን ከከንፈሩ አውጥቶ ደረቱ ላይ ሰካው። «እሷ? በአፏ?»

«በጽሑፍ» አልኩና ስልኩን ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ አነበበ፣ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ፣ እንደገና አነበበ። ትልቅ ሰው እንዲህ ያለች አጭር ነገር ላይ ይሄን ሁሉ ጊዜ ሲያጠፋ አይቼ አላውቅም። «ሰፊው» አለ ቀስ ብሎ። «አሁንም ሰፊው ነው የምትለኝ ማለት ነው።» «ይሁን። ጭራሽ ከመረሳት ይሻላል» አለና ጎንበስ ብሎ ድስቱን ከጠረጴዛው ሥር ጎተተው። ረዥም ነው፣ ጠባብ ነው፣ ከባድ ነው፣ አንደኛው ጆሮው በሽቦ የታሰረ። እስከ አፉ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሞልቶበታል። ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ ገለበጠና ራሱ መንገድ ዳር ቧንቧ ጋ ይዞት ወጥቶ፣ ደንበኛ እያስጠበቀ፣ በሳሙና ሁለቴ አጠበው።

«ግን ለምን ወሰድከው ጋሼ?» አልኩት። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው፤ ሬዲዮ የሚሉኝ ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

«ሌላ ሰው እንዳይወስደው።»

«ሌላ ሰው ማን?»

«እኔም እሱን ነው እስካሁን የማስበው» አለ፣ ድስቱንም እላይ ድረስ ተሸክሞ በር ላይ አስቀመጠልኝ። ወደ ኩሽናው አልገባም። አባባን «እንዴት አደሩ» ብሎ ተመለሰ። ደረጃው አጋማሽ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። «እሷ ናት ያለችው አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ እንደገና።

አሁን ወደ ጥፋቱ እንምጣ። እህሉን አጠብኩ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ጨመርኩ፣ ውሃ ሞላሁ፣ እሳቱን እስከመጨረሻው ከፈትኩ። ሙያ ማለት ይሄ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ፤ ውጤቱ በዚህ ሳምንት ይወጣል የሚል ወሬ ነበራት፣ ማን እንዳላት፣ ያላትን ማን እንዳለው፣ ብቻ ረዘም ያለ ነገር ነበር። ድስቱ ደግሞ ጠባብ ስለሆነ እህሉ እንደ ሰልፈኛ አንዱ አንዱ ላይ ተደራርቦ፣ የታችኛው መላወሻ አጥቶ፣ ምስሩ ቶሎ በስሎ ጭቃ ሆኖ ሥሩ ላይ ተለጥፏል። ምን አውቄ። አፍንጫዬ ሲነግረኝ ጉድ ፈልቶ፣ ፈልቶም አርሮ ነበር። ክዳኑን ባነሳው ጭሱ ፊቴ ላይ። ስንዴው ግማሹ ፈንድቷል፣ ግማሹ ገና ማሳው ላይ እንዳለ ነው። ባቄላው ጠጠር፤ አንዱን ነከስኩት፣ እሱም የነከሰኝ መሰለኝ። ስልኬ ላይ «ባቄላ ለምን አይበስልም» ብዬ ስፈልግ፣ ከትናንት ጀምሮ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነበረበት አለኝ። ትናንት እንግዲህ አልፏል።

«ሬዲዮ» አሉ አባባ ከክፍላቸው፣ «ክላቹ ተቃጠለ መሰለኝ።»

ከእሳቸው ድምፅ ቀጥሎ የሰማሁት የደረጃውን ነው። ሽታው ለካ በደረጃው ወርዶ ሱቁ ገብቷል። አጎቴ እያለከለከ መጥቶ ኩሽናው በር ላይ ሲደርስ እግሩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ከኔ ኋላ መደርደሪያውን፣ ማጠቢያውን፣ እማማ ይቀመጡባት የነበረችውን ዱካ በዓይኑ ዞረባቸው፤ ከኔ ጋር የተያየው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በጎኑ ገባ። ኩሽናችን ለእሱ በጎን ካልሆነ አትሆንም።

«እንዳታማስዪው» አለኝ ማንኪያዬን ቀምቶ። «ካውያ ያቃጠለውን ጨርቅ አይፈትጉትም። ያልነካውን ቀስ አድርገሽ ታተርፊያለሽ።» ከላይ ከላይ ያለውን ቀስ ብለን ጎድጓዳ ሳህን ላይ ቀዳነው፣ ያረረውን ከሥሩ ሳንነካ። ባቄላውን አንድ በአንድ ለቀምን። እኔ ከስልኬ አንብቤ፣ በሌላ ትንሽ ድስት አንዴ በደንብ አፍልተን ከእሳት አውርደን ክዳኑን ገጥመን ተውነው፣ ለረሳ ሰው የተሰጠ መላ ነው ይላል፤ እሱ ደግሞ እስከዚያ የድስቱን ሥር በሽቦ እየፈተገ ያን ሁሉ ጥቁር አነሳው። ሸሚዙ እንዳይበላሽ የእማዬን ሽርጥ ሰጠሁት። ገመዱ ከኋላ አልገናኝ ብሎት፣ ሜትሩን ከአንገቱ አውጥቶ ገመዱ ላይ ቀጠለበትና አስሮት ቁጭ አለ። ከዚያ ባቄላውን ስንልጥ እጁን ብታዩት፤ እንደ አሮጌ ስፌት አንዴ በጥፍሩ ነካ ያደርግና ልጡ ተተርትሮ ይወርዳል፣ እኔ አንዱን ይዤ ስታገል እሱ እፍኝ ጨርሷል። የተላጠውን በጠርሙስ ሥር ዳጥነው። ስንዴውንም ጨፍለቅ ጨፍለቅ አደረግነው። እዚህ ላይ ኅሊናዬ ወቀሰኝ።

«ጋሼ፣ ተልጦ ተከክቶ ድፍን ይባላል?»

«የእናትሽ ኮት ለአንቺ ቢጠብ አስፍቼው ብሰጥሽ የእናትሽ ኮት መሆኑ ይቀራል?» አለኝ። «ጥርስ የሌለው ሰው አፍ ልክ እንሰፋዋለን፣ በቃ።» ጨው የተከለከለ ስለሆነ ሎሚ እንጨምር አልኩ፣ እሱም ዱባ እናስገባ አለ፣ እማማ ያስገቡ ነበር ብሎ ማለ። እኔ አይቼ አላውቅም፣ ግን የድስቱ ባለቤት እሱ ነው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በራሱ ውሃ አበሰልነው። ቲማቲም ልገዛ ወርጄ ነበር፤ ባለሱቁ ዋጋውን ሲነግረኝ ለቲማቲሞቹ ሰላምታ ሰጥቼ ተመለስኩ። ሁሉም ተመልሶ ድስቱ ገባ፣ እሳቱም ዝቅ አለ፣ አጎቴም ድስቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ያማስል ጀመር። ሳያስበው ያፏጫል። ኩሽናው እማማ እያሉ ይሸት የነበረውን የመሰለ ሽታ አመጣ፤ ትክክል እሱን አይደለም፣ የእህቱ ልጅ በሉት።

እማዬ የምትገባበት ሰዓት እየተጠጋ መጣ። ሌላ ቀን ቢሆን አጎቴ ይሄኔ ሁለት ሱሪ አሳጥሯል። እኔም ይሄዳል ብዬ እጠብቃለሁ፣ እሱ ግን አንዴ ማማሰሉን ለኔ ሰጥቶ ፀጉሩን በማጠቢያው ውሃ አርሶ በመዳፉ አስተኛው። «ድስቱን ላክልኝ ብላ ራሷ ጠይቃ፣ እኔ ሹልክ ብዬ ብወጣ ነውር ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። አባባን ከክፍላቸው አምጥተን ኩሽናው ውስጥ ያለችው ትንሿ ጠረጴዛ ጋ አስቀመጥናቸው፣ ከመስኮቱ ራቅ አድርገን፣ ጀርባቸውን ለእርግቦቹ። ሳህኑን አቀረብኩላቸው። አሸተቱት። አንድ ማንኪያ ወሰዱ፣ አፋቸው ውስጥ አዟዟሩት። ሁለተኛ ወሰዱ። እኔና አጎቴ ፈተና እንደሚታረምለት ሰው ቆመን ማንኪያውን እናያለን። ልክ ያኔ በሩ ተከፈተ።

እማዬ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ኩሽናው በር ላይ ቆመች። ድስቱን አየች። ሽርጧን አየች፣ ሽርጧ ውስጥ ያለውን ሰው አየች። እሱም አያት። ሰላምታ የሚባል ነገር በመካከላቸው ሊወለድ ምጥ ላይ ያለ መሰለኝ፣ ግን አልተወለደም። «ነይ እስቲ» አለችኝና ክንዴን ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣችኝ። ድምፅዋ የቅሬታ መቀበያዋ ነው፣ ዝግ ያለ፣ የሚያስፈራ። «ማነው ይሄን ድስት ያስመጣው?»

«አንቺ ነሻ» ብዬ ስልኩን ከፈትኩላት። «ይኸው፣ በሰፊው ድስት ቀቅይው።»

አነበበችው። አንዴ በልቧ፣ አንዴ በአፏ። በአፏ ስታነበው «ፊ» ላይ ጥርሷን ነክሳ ተጫነችው። «በሰፊው! በሰፊው እኮ ነው ያልኩሽ» አለችና መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ በጣቷ ወደ ማቀዝቀዣው አናት አሳየችኝ። እዚያ ላይ ተደፍቶ የተቀመጠው፣ እንግዳ ሲበዛ የምናወርደው፣ ሕፃን የሚታጠብበት የሚያህለው ዝርግ ድስታችን ነው። «እህሉ እንዳይደራረብ ብዬ። ያ መቃ የሚያህል ድስት የቱ ጋ ነው የሰፋው?»

ያኔ ገባኝ። ፊን ሲያላሉት የሚሰፋ ሰው፣ ሲያጠብቁት ያልጠበበ ነገር። የቋንቋ መምህራችን «ጽሑፍ ላይ አይታይም፣ ከአረፍተ ነገሩ ነው የምትለዩት» ስትል ኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ሳወራ ነበር መሰለኝ። እስቲ ደግሞ አረፍተ ነገሩ ምን ያደርግልኛል፤ ሰፊም ድስት አለን፣ ድስት ያለው ሰፊም አለን። ጠዋት አቅፌ ልስማት ያሰኘኝ ዕርቅ በሙሉ አንድ ፊደል ነበር። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ኮሪደራችን ከኩሽናው የሚለየው በዚህ መጋረጃ ብቻ መሆኑ ነው። አጎቴ ሁሉንም ሰምቷል። ቀና ብሎ ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን ድስት አየ፣ ዝቅ ብሎ የያዘውን አየ፣ ማማሰያውን በጥንቃቄ ሳህን ላይ አስቀመጠ። ከዚያ እጁን ወደ ኋላው ልኮ ሽርጡን ሊፈታ ጀመረ። ጨለማ ውስጥ መርፌ ላይ ክር የሚያስገባ ሰው፣ የራሱን ቋጠሮ አጣው። እኛ እናያለን፣ እሱ ጀርባውን ይዳብሳል። ከንፈሩ አካባቢ የሆነ ነገር፣ ትንሽ ልጅ ልደት ቤት ተጠርቶ ሳይሆን ተሳስቶ ሲገባ የሚሆነውን ሆኗል። ምነው ሬዲዮው በተበላሸ አልኩ በልቤ።

ጸጥታው ውስጥ የሚሰማው የአባባ ማንኪያ ብቻ ነበር። እማዬም የሰማችው ያኔ ይመስለኛል፤ ዞር ብላ ሳህኑን አየች። ከግማሽ በታች ደርሷል። መስኮቱ ዝግ ነው። ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ መሄጃ አጥቶ እዚያው ቆመ። አባባ ማኘክ የመሰለ ነገር እያደረጉ ቆይተው ቅንድባቸውን ሰበሰቡ፣ ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ሰደዱና የሆነ ነጭ ነገር አውጥተው ብርሃን ላይ ያዙት።

«ይሄኛው አልበሰለም» አሉ። «ባቄላ መስሎኝ ስታገለው። የማን ቁልፍ ነው?»

የአጎቴ እጅ ቋጠሮውን ትቶ ሆዱ ላይ ሄደ። ከሽርጡ በላይ ሸሚዙ ገርበብ ብሏል፣ ክሩ ብቻ ቀርቷል።

«የሰፊው ነው» አለች እማዬ።

የአባባ ጆሮ ዕድሜ ልኩን ሞተር ሲሰማ የኖረ ነው። «የትኛው ሰፊ?» አሉ።

እማዬ ወንድሟን ከላይ እስከ ታች አየችው። ያረሰውን ፀጉሩን፣ ገርበብ ያለውን ሸሚዙን፣ ሽርጧ አልደርስ ብሎት በሜትር የተቀጠለውን ወገቡን። ሜትሩ ላይ ቁጥሮቹ በግልጽ ይነበባሉ፣ ልኩን ለብሶ የቆመ ሰው። የአፏ ጥግ መጀመሪያ እምቢ አለ፣ ከዚያ ተሸነፈ።

«ምን ልዩነት አለው አባባ» አለች። «ቢያላሉትም ቢያጠብቁትም ያው ወንድሜ ነው።»

አጎቴ አንገቱን ደፋ። ሜትሩን ሊፈታ እንደገና ሲሞክር «ተወው፣ ደግሞ ትበጥሰዋለህ» አለችና ከኋላው ሄዳ ቋጠሮውን ያዘችው። ትፈታዋለች ብዬ ነበር፤ አጥብቃ አሰረችው። ከዚያ ማማሰያውን አንስታ ከድስቱ ቀመሰች። «ዱባ ማን ነው ያስገባው?»

«እማማ ያስገቡ ነበር» አለ አጎቴ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለእህቱ ያላት የመጀመሪያ ቃል ይቺ ናት።

«እማማ ዱባ አስገብተው አያውቁም። ዱባ የምትወደው አንተ ነህ። መቼም ለሰው ሁሉ በራስህ ልክ ነው የምትሰፋው።»

«ያስገቡ ነበር እያልኩሽ። አንቺ ትንሽ ነበርሽ፣ አታስታውሺም።»

«እኔ? ድስቱን ሳማስል ያደግኩት እኔ? አንተ እኮ ኩሽና የምትመጣው ለመቅመስ ነበር።» ድምፃቸው ከፍ እያለ፣ ኩሽናዋ እየጠበበች፣ ሁለቱም አንዱን ማማሰያ እየተቀባበሉ እየቀመሱ ይከራከራሉ። ደስ ብሎኝ ልገባበት አፌን ከፍቼ ነበር። አባባ እጄን ነካ አደረጉኝ።

«የአያትሽ እንዲህ አይደለም» አሉኝ በሹክሹክታ፣ ልቤ ስንጥቅ አለ። «የእሷ ባቄላ ጠጠር ነበር። ጥርሴን የጨረሰው እሱ ነው። እንዳትነግሪያቸው።» ባዶውን ሳህን ወደኔ ገፋ አደረጉት። «እስቲ ድገሚልኝ።»

ቀድቼ ስመለስ ከጀርባቸው መስታወቱ ቷ ቷ ይላል። እርግቦቹ በመንቆራቸው መስኮቱን እየደበደቡ ነው፣ ሰዓታቸው አልፎባቸዋል። አባባ ማንኪያውን አፋቸው ሳያደርሱ አንገታቸውን መለስ አድርገው አዩዋቸው።

«ሞልቷል» አሏቸው። «የሚቀጥለውን ጠብቁ።»